ለሠርጉ የጨመርኩት በግ

ኖሮ የማያውቅ በግ ቢታረድ፣ በደሙ የሚጠየቅ ሰው አለ ወይ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ካነሳሁ ቆይቻለሁ፤ መልሱ ግን ዛሬም የለኝም። የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አንዳንዴ አብሬ እስቃለሁ። ቢሆንም የምጠይቀው ከልቤ ነው። በጉን ያረድኩት እኔ ነኝ። ያረድኩት በእስክሪብቶ ነው፤ ቦታውም ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር የምንሠራበት የጨርቅ ሱቅ ባንኮኒ ላይ።

ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። ልጅ ሳለሁ ቁርአን ቤት ገብቼ ብዙ ሱራ በቃሌ ይዣለሁ፤ አባቴ ሱቅ ውስጥ በጣቃው ላይ የተለጠፈውን የአማርኛ ጽሑፍ ግን ማንበብ አልችልም ነበር። ተዳርኩ፤ ተፈታሁ፤ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ማታ ትምህርት የተመዘገብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የእህቴ ልጅ በክፍል ይበልጠኝ ስለነበር የቤት ሥራዬን የሚያርምልኝ እሱ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው እንደ ራበው ሰው ያነባል፤ ግን ደግሞ እንዳይታለል ፈርቶ እያንዳንዱን ጉርሻ ያገላብጣል። አንድ ደራሲ በረመዳን ፍቺ ዋዜማ ሙሉ ጨረቃ ሲያወጣ አግኝቼው መጽሐፉን ዘግቼ አኩርፌዋለሁ። ጾሙን የምንፈታው ጨረቃዋ እንደ ጥፍር ስትቀጥን መሆኑን ለማወቅ ሙስሊም መሆን አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል።

ከጦርነቱ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ የንባብ ማኅበር አቋቋሙ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል እንሰበሰባለን። ማኅበሩ አንድ የማይነካ ሕግ አለው። ታሪክ የጻፈ ሰው ስሙን ሳያኖርበት፣ የእጅ ጽሑፉም እንዳይታወቅ አስተይቦ፣ በር አጠገብ ካለው ካርቶን ውስጥ ይከታል። እትዬ አውጥተው ጮክ ብለው ያነባሉ። ከዚያ ሁሉም እንደ ልቡ ይናገራል፤ ደራሲው እዚያው ከመሃላችን ተቀምጦ ዝም ይላል።

«ደራሲው ለዛሬ ሞቷል» ይላሉ እትዬ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ሬሳ ደግሞ አይከራከርም።»

በዚያች ክፍል ውስጥ እኔ የምታወቀው በአንባቢነቴ ነው። እንዲያውም እፈራለሁ መሰለኝ። አንድ ቀን የተነበበ ታሪክ ውስጥ አንዲት በቅሎ በዝናብ መሃል ወለደች፤ ውርንጭላዋም እየተንገዳገደ ተነሳ። ሰዉ ተመስጦ ሲያዳምጥ እኔ እጄን አወጣሁና «በቅሎ አትወልድም» አልኩ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ተጫዋችና ምላሱ የማያርፍ ወጣት፤ የሱ ጆሮ ብቻ ቀልቶ ስላየን ደራሲውን ያለ ምስክር አወቅነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ዳኛዋ» ነው የሚለኝ። አንድ ታሪክ ተነቦ ባለቀ ቁጥር ዞር ይልና «እስቲ ዳኛዋ ትፍረድ» ይላል።

ዳኛዋ ራሷ እንደምትጽፍ ማንም አያውቅም ነበር፤ ቤቴም፣ ማኅበሩም። በእኛ ቤት ያልሆነውን ሆነ ማለት ውሸት ነው፤ ሲጻፍ ደግሞ ተመዝግቦ የተቀመጠ ውሸት ይሆናል። በማኅበሩ በኩል ደግሞ ፍርሃቴ ሌላ ነበር። የሰው በቅሎ ላይ የፈረደች ሴት የራሷን ከብት ይዛ ስትቀርብ ማን ይምራታል?

ቢሆንም ጻፍኩ። ታሪኬ ከሐርቡ ከተማ ወዲያ ባለ አንድ መንደር የሚደረግ ሠርግ ነው። ሙሽራዋ ሙስሊም ናት፤ ከጥጃነቱ ጀምራ ያሳደገችው ዳልቻ በሬ አላት። አባቷ ለሠርጓ ያርደዋል። በመጨረሻው መስመር ላይ ሙሽራዋ በመኪና ስትወሰድ፣ በመስኮት በኩል ቆዳው አጥር ላይ ተሰጥቶ ታያለች። በዚህ መስመር ኮርቼ ነበር። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በተለይ የበሬውን ነገር አላቻኮልኩትም። ግንባሩን፣ አተነፋፈሱን፣ ጨው ከእጇ ሲልስ የምላሱን ሸካራነት ሁሉ ጽፌዋለሁ።

እትዬ አንብበው ጨረሱ። ከኮምቦልቻ የምትመጣ አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ አለች፤ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ከተግባባኋቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ናት። እሷ በመሐረብ ዓይኗን ጠረገች። ሬሳ ባልሆን ኖሮ ዘልዬ አቅፋት ነበር። ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ ግን እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶችስ ምን በሉ?»

ዓይኔን ወደ ካርቶኑ መለስኩ።

ጥያቄው ለእኛ አገር ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ክርስቲያን ያረደውን ነው የሚበላው። ስለዚህ የሙስሊም ሠርግ ቤት ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ ለብቻ ከብት ያመጣል፤ የራሳቸው ሰው ባርኮ ያርዳል፤ ድስቱም፣ ቢላውም ለብቻ ነው። የክርስቲያኑም ሠርግ ቤት ለሙስሊሞቹ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ያልተደረገበት ሠርግ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። በእኔ ታሪክ ውስጥ ግን ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች ድንኳን ተክለዋል፤ ውሃ ቀድተዋል፤ ጨፍረዋል፤ ሙሽራዋን መርቀዋል። ያበላቸው የለም።

«ሹሮ ተሰጥቷቸዋላ» አለ የባንኩ ልጅ። «በሬው እስኪያልቅ ቆመው ሲያጨበጭቡ ውለው፣ ማታ በሹሮ ተሸኙ።»

«ሹሮውም አልተጻፈ» አለ ሌላው።

«ይሄን የጻፈ ሰው ወሎን የሚያውቃት በካርታ ነው። ምናልባት ባሕር ዳር ተቀምጦ ይሆናል የጻፈው።» የባንኩ ልጅ ወደ እኔ ዞረ። «ዳኛዋ! የበቅሎን ማኅፀን የምታውቅ ሴት ይሄን እንዴት አሳለፈችው?»

«አላየሁትም» አልኩ። ያን ቀን ከአፌ የወጣው እውነት እሱ ብቻ ነው።

የኮምቦልቻዋ ልጅ ሳቀች። «እኔንስ የት ታስቀምጡኛላችሁ? ጴንጤ እንዴት እንደሚስተናገድ ታሪኩ ውስጥ የለም።»

«አንቺማ በሚጣፍጠው በኩል ነሽ» አላት የባንኩ ልጅ፤ ሁሉም ተንከተከተ።

እትዬ ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱ። «እንግዲህ ሬሳው ይስማ። ታሪኩ ጥሩ ነው። ለክርስቲያኖቹ አንድ በግ ይጨመርላቸውና ይስተካከላል።»

አንድ በግ ይጨመር። ቀላል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ገበያው ገና ሳይደምቅ፣ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ጣሪያ ላይ እንደተኛ፣ ወረቀቶቼን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ዓረፍተ ነገሩን ጻፍኩት፦ «ለክርስቲያኖቹም አንድ በግ ታረደ።» ነጥብ አደረግሁ። መልሼ አነበብኩት። ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ወጉም ልክ ነው፤ ጎረቤቶቼም ጠገቡ። እስክሪብቶዬን ልከድን ስል እጄ እንቢ አለ።

ይህ በግ ማን ነው? ቀለሙ ምንድን ነው? ከየት መጣ? ማን ጎተተው? በሬው ገጽ በገጽ ተቀባብቶ፣ እንባ ተዘጋጅቶለት ሞቷል፤ በጉ ግን የሞተው እኔ ከሰው አፍ እንድድን ነው። ስህተቴን ለመሸፈን አንድ ነፍስ ወሰድኩ፤ የፈጀብኝም አንድ መስመር ነው። ነፍስ ስል አንባቢዬ እንደሚታዘበኝ አውቃለሁ። ነፍስ የለውማ፤ በግ የለማ። ግን በሬውም የለም እኮ። ታዲያ ለበሬው ለምን አለቀስን?

የተሰማኝ ጸጸት አይደለም። ደስታ ነበር፤ አንድ ሰው ጣቃ ሲተረትር ሳለ ከመሃሉ የሽመናውን ምስጢር ድንገት ሲያይ የሚይዘው ዓይነት ደስታ። ደንበኛ ገብታ «ያ ምን ዓይነት ነው?» ብትለኝ «ገና አላወቅሁም፣ ቀለሙን እያሰብኩ ነው» አልኳት። እጇ የሚያመለክተው ሽፎን ላይ ነበር።

በዚያ ሳምንት መደርደሪያዬን ገለበጥኩት። በቅርብ ዓመታት የወጡ ልቦለዶች፣ የአጭር ታሪክ መድበሎች፣ ያለኝን ሁሉ። የፈለግሁት ሰውን አይደለም፤ እንስሳውን ነው። አንዴ መፈለግ ከጀመሩ ደግሞ ማቆም አይቻልም። መኪና የሚገጨው ውሻ አለ፤ የተገጨው ጀግናው ወርዶ እንዲያዝንና ልቡ ለስላሳ መሆኑን እንድናውቅ ነው። ጭነት ያጎበጣት አህያ አለች፤ እሷ የድሃ ምልክት ናት፤ ምልክት ስለሆነች ውሃ የሚያጠጣት የለም፤ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ትጠማለች። እንግዳ ሲመጣ የምትታረድ ዶሮ አለች፤ እንግዳው ማን እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። በክፉ ሰው የሚደበደብ ፈረስ አለ፤ ዱላው የተመዘገበው ለሰውየው ክፋት ነው፤ ፈረሱ ከዱላው በኋላ የት እንደሄደ አልተጻፈም። ቁርአን ቤት ያስቀሩን፣ ያስተማሩን ሸህ ወፍ በድንጋይ ስንመታ ሲያዩ፣ በከንቱ የተገደለች ድንቢጥ በቂያማ፣ በፍርድ ቀን፣ ገዳይዋን ትከሳለች ብለው ያስፈራሩን ነበር። በከንቱ ማለት ምን ማለት ነው? ለአንባቢ እንባ ሲባል መግደል በከንቱ ነው ወይስ ለጥቅም? መጽሐፎቹ መሃል ወለል ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ሰው ቢያየኝ ዱዓ ያስደርግልኛል።

አንድ አጭር ታሪክ ብቻ የተለየ አገኘሁ። በታሪኩ መሃል ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ ላሚቱ በመካከላቸው አልፋ ወደ ጥላ ትሄዳለች። ለባልየው ምልክት አይደለችም፤ ለሚስቲቱም ትምህርት አይደለችም። ሞቋት ነው የሄደችው። ስሙ ብዙም የማይታወቅ ደራሲ ነው። ያቺን መስመር ሳነብ መሬት ላይ የወደቀ ወርቅ ያገኘሁ መሰለኝ። ይቻላል ማለት ነው።

እንግዲያው በጌን ማየት ነበረብኝ። ያላየሁትን አልጽፍም። ደሴ በግ ሞልቷል፤ ግን ታሪኬ የሐርቡ ስለሆነ በጉም የሐርቡ መሆን አለበት ብዬ፣ በገበያ ቀን ሱቁን ለእህቴ ትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ኮቴን አወለቅሁ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሻርፔን አላላሁ፤ ሐርቡ ስወርድ ፀሐዩ አናቴ ላይ ነበር።

በግ ተራው ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ገዢው ሁሉ እጁን የሚሰደው ወደ ጀርባና ወደ ላት ነው። ይጨብጣል፤ ያነሳል፤ ይመዝናል። እኔ ጎንበስ ብዬ የአንዱን ነጭ በግ ፊት አየሁ። የበግ ዓይን ቀዳዳው እንደ ሰው ክብ አይደለም፤ እንደ ተዘጋ መስኮት ስንጥቅ አግድም የተሰነጠቀ ነው። ይህን ያህል ዘመን የዐረፋ በግ ስንገዛ ኖረን አይቼው አላውቅም።

«እህቴ» አለኝ ነጋዴው። «የምትገዢው ነው ወይስ የምታገቢው?»

ዙሪያችን ያለው ሰው ሳቀ።

«ፊቱን ምን ያደርግልሻል? ላቱን ያዢ።»

«ልየው ብቻ» አልኩ።

«እዪው። እሱም እያየሽ ነው። ወላሂ ወዶሻል።»

ነጩን በግ የሚገዛ ሰው ተገኘና ከመንጋው ለይተው ወደ ዳር ወሰዱት። ብቻውን ሲቆም መጮህ ጀመረ። አጠገቡ አንድ አህያ ታስራ ነበር። በጉ ገመዱ እስከፈቀደለት ተስቦ ከሆዷ ሥር ገባ፤ እዚያ ጥላ አለ። ጩኸቱም ቆመ። አህያዋ ዝንብ ለማባረር አንድ እርምጃ ስትሄድ በጉም አንድ እርምጃ ሄደ። ስትመለስ ተመለሰ። አልወደዳትም፤ አላወቃትም፤ እናቴ ናትም አላለም። ፀሐይ አለ፤ ጥላ አለ፤ ከጥላው ጋር ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቆሜ አየሁት። ዕቃ የሚያወርዱ ሰዎች «ዞር በይ» እያሉ ገፈተሩኝ፤ ዞር ብዬ ማየቴን ቀጠልኩ። ልጽፈው የምችለው ነገር ከፊቴ ቆሞ ነበር።

ደሴ ስመለስ እህቴ ጣቃ እየጠቀለለች ጠበቀችኝ። ከላይ እስከታች አየችኝ። ፊቴ በፀሐይ ቀልቷል፤ ጫማዬ አቧራ ለብሷል፤ የማልደብቀው ፈገግታም አለብኝ።

«የት ነበርሽ?»

«ሐርቡ።»

«ሐርቡ ምን አለሽ?»

«በግ ላይ ሄጄ ነበር።»

«ገዛሽ?»

«አልገዛሁም።»

ጣቃውን አስቀመጠችና ጠጋ አለችኝ። «ሰውየው ማነው?»

«የምን ሰውዬ?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ አልተቆጣሁም። ነጋዴ ነው? የቃሉ ወረዳ ሰው ነው? ሚስት አለችው?» አሸተተችኝና ተጠራጠረች። «ያረቢ፣ በግ በግ ትሸቻለሽ። እረኛ እንዳይሆን ብቻ።»

እንደምጽፍ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ልላት ነው? ሰው ቢሆን ይሻላት ነበር። ሳቅሁና ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ደግሞ ጥርጣሬዋን አጸደቀላት። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት «አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ይሳካል» እያለች ትከሻዬን ትመታኝ ነበር።

ታሪኩን እንደገና ጻፍኩት። የሠርጉ ዋዜማ ከቀትር በኋላ በጉ ከገበያ መጥቶ ከበሬው ጎን ይታሰራል። ይጮሃል። ቀስ በቀስ ወደ በሬው ጥላ ይገባል። በማግስቱ በሬውን ሲፈቱት ጥላው አብሮት ይሄዳል፤ በጉም ገመዱን እየሳበ ይከተለዋል። የሙሽራዋ አጎት በሬውን ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላህ ይላል፤ አንድ ክርስቲያን ሽማግሌ ጎረቤት በጉን ወስደው በስመ አብ ብለው ይባርካሉ። በበጉ አፍ የሰው ሐዘን አልጨመርኩም፤ ስምም አላወጣሁለትም። ሙሽራዋ ለበሬዋ ስታለቅስ በጉን የሚያየው የለም፤ አንባቢው ብቻ ነው የሚያየው። የበጉ ነገር አንድ ሙሉ ገጽ ወሰደ። ከጻፍኩት ሁሉ የምወደው ያንን ገጽ ነው።

ዳግመኛ ሲነበብ የባንኩ ልጅ ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄ ሰውዬ ወሎን ዞሯታል!» አለ፤ ባለፈው የተናገረውን ረስቶ። የኮምቦልቻዋ ልጅ አሁን አላለቀሰችም። በመጨረሻ «እኔ እንጃ» አለች። «በሬው ሲሞት ማን እንዳለቀሰለት ገባኝ። በጉ ግን እኔ ላይ ነው የወደቀው።» ይህን ስትል ጠረጴዛው ሥር ጣቶቼን ጨምድጄ ያዝኩ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ደስታ መኖሩን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ክርክሩ ጦፈ። አንዱ «በግ በግ ነው፤ ሊበላ የተፈጠረ ነው» ሲል፣ ሌላዋ «የተፈጠረውማ እሺ፤ የተጻፈው ለምንድን ነው?» አለችው። እትዬ ሁሉንም አዳመጡና ማኅበሩ ሊያሳትማት ላሰባት ትንሽ መድበል ታሪኩ እንዲመረጥ ሐሳብ አቀረቡ። ሁሉም ተስማማ። ችግሩ ርዝመቱ ነበር፤ መድበሏ ቀጭን ናት፤ ታሪኩ በአንድ ገጽ ይተርፋል።

«የበጉን እናሳጥረው» አለ የባንኩ ልጅ። «ለክርስቲያኖቹም አንድ በግ ታረደ፣ ብንል ይበቃል።»

ቃል በቃል ነው ያለው። ያ መስመር ከእኔ ሌላ ማንም አይቶት አያውቅም፤ አሁን ከሱ አፍ ሰማሁት። ለካ ማንም የሚጽፈው መስመር ነው።

ሰዉ ሁሉ ከት ብሎ ሳቀበት፤ እንዲህ በቀላሉ ቆራጭ የሆነው ታሪኩ የራሱ ስለሆነ ነው ብለው ገመቱ። ዐይናቸውን ጣሉበት። እሱም አልካደም።

«እንግዲህ ደራሲው ካልተቃወመ» አሉ እትዬ፣ እሱን እያዩ።

«ደራሲው ሬሳ ነው» አለ ፈገግ ብሎ። «አይቃወም ይሆናል።»

ውሸት አልተናገረም፤ ሕጉን ነው የጠቀሰው። ለሱ ቀልድ ነበር። እትዬ ወረቀቱን አጠፉና ሰኞ ለታይፒስቷ እሰጣታለሁ አሉ። ሰው ተበተነ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ክብሩን ቢወስደው ግድ አልነበረኝም፤ እንዲያውም ለእህቴ ከማስረዳት ያድነኝ ነበር። ግን በጉ ወደ አንድ መስመር ሊመለስ ነው። አንዴ ሳላውቅ ነው ያደረግሁት፤ አሁን ግን እያወቅሁ ዝም ካልኩ፣ ያ ሁሉ መደርደሪያ መገልበጤ፣ ያ ሁሉ በሌላ ደራሲ ላይ መፍረዴ ምን ሊሆን ነው?

እሑድ ከቀትር በኋላ እትዬ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ቧንቧ ውሃ ወጣሁ። እትዬ ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው ምስር ይለቅማሉ። ሲያዩኝ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ምነው በደህና? እሑድ መጥተሽ አታውቂ።»

«ደህና ነኝ እትዬ። ስለ በጉ ነው የመጣሁት።»

«ስለየትኛው በግ?»

«ስለ ታሪኩ። አይቁረጡት።»

«ዳኛዋ፣ ፍርዱ እኮ ትናንት አለቀ። ደራሲው አልተቃወመም፤ አንቺው ነበርሽ።»

«ደራሲው ይቃወማል።»

«በምን አወቅሽ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

ምስር መልቀማቸውን ቀጠሉ። ጠጠር አወጡ፤ ጣሉ። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

«ጎረቤቶቹን ጦማቸውን ያሳደረቻቸው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«የሰው በቅሎ ላይ የፈረድሽው አንቺ!»

ሳቁ። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው፣ ሰፌዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ መንገድ ላይ ያለፈ ሰው ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ ነበር። ዝም ያልኩበት ጊዜ ሁሉ በአንድ ላይ የወጣ መሰለኝ።

«ቆይ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይህን ያህል ካሳዘነሽ ለምን አላዳንሽውም? እስክሪብቶው በእጅሽ ነው። ገመዱን በጥሶ ጠፋ ብትይ ማን ይከለክልሻል?»

«ከዚያ ጎረቤቶቹ ይራባሉ» አልኩ። «ሠርጉ ውሸት ይሆናል። እትዬ፣ እንዳይሞት ማድረግ አልቻልኩም። እንዲሁ በነጥብ እንዳይሞት ማድረግ ግን እችላለሁ። ገጹ ከተቆረጠ እሱንም አልቻልኩም ማለት ነው።»

ለትንሽ ጊዜ አዩኝ። አስተማሪ ሆነው ስንት ሰው እንዲህ እንዳዩ እንጃ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ማንም አስተማሪ አይቶኝ አያውቅም።

«የሌላ ሰው ገጽ ይቆረጣል ማለት ነው» አሉ።

«የበሬውን እቆርጣለሁ። በጣም ተቀባብቷል።»

«ያ ልጅ ምን ሊል ነው ቅዳሜ?»

«ዳኛዋ ተከሰሰች ይበል። እውነቱን ነው።»

ከቤት ገብተው ወረቀቱን ይዘው ወጡ፤ እስክሪብቶም ይዘዋል። ከርዕሱ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፋቸው ጠረጉት።

«እህትሽ ታውቃለች?»

«ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

«በይ እንግዲህ፣ ሙሉ ስምሽን በይኝ። ስም የሌለው ደራሲ አላሳትምም።»

ስሜን ነገርኳቸው። የአባቴንም ነገርኳቸው። እሳቸው በዚያ በአስተማሪ እጃቸው ቀስ እያሉ ጻፉና፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ «የአያትስ?» አሉ።

የአያቴንም ነገርኳቸው።